ስፍር

«ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ ልጅ እግሩ ሐኪም፤
እስክሪብቶው ቆሞ ጠበቀኝ። ቀኑን አላውቅም።
እህል ቸርቻሪ ነኝ፣ ከቅዳሜ ገበያ፤
ከጣሳና ቁና ሌላ የለኝም መለኪያ።

ምስር ነበረች፣ በፍልሰታ ጾም፣
ገላዬን ስታጠብ፤ ግራዬ ላይ፤ አታምም።
አለማመሟ ነው ያታለለኝ።
ጥርሴን አሞኝ ቢሆን፣ ሌሊት ቢያስለቅሰኝ፣
ጎሕ ሐኪም ቤት በር ላይ ባገኘኝ።

አተር ስታክል የልጄ ሠርግ ደረሰ፤
ጌሾ እየተወቀጠ ማን ራሱን ዳሰሰ?
«ከሠርጉ በኋላ» አልኩ። ከሠርጉ በኋላ ዕቁብ፤
ዕቁቡ ሲወጣ የቤቱ ጣራ ጠብ ጠብ።

ሽምብራ።
ባሌ አንዳርጌ መረቡን ዘርግቶ ቀዳዳውን ሲጠቅም
«ምነው?» አለኝ ቀና ብሎ። «ምንም» አልኩት፤ ምንም።
ግልገል አባይ በጣና መሐል ሲያልፍ
ከሐይቁ አይቀላቀልም ይላሉ።
የኔም ነገር እንዲያ ነበር፤
በገበታችን መሐል፣ በአልጋችን መሐል አለፈ፣
ውሃ ውሃን ሳይነካ።

ለሰውማ መካሪ ነኝ፤ «በሽታውን የደበቀ…» እያልኩ
የጎረቤቱን ሳል፣ የጎረቤቱን እግር ሐኪም ቤት የሰደድኩ።
ጠበልም ሄጃለሁ። አባ አዩኝና
«ልጄ፣ ሐኪሙም የእግዜር ነው» አሉ፤
መስቀል ስሜ አለፍኩ፣ እንዳልሰማ ሆንኩና።

ፍርሃቴም ስም አለው። አንጓች።
ሆስፒታል ገብታ፣ ተቆርጣ ሞተች፤
ቢላ ገደላት አለ የሰፈሩ ሰው።
ቢላው ሳይነካት በፊት፣ በነጠላ ሸፍና
ያሳለፈችውን ሁለት ክረምት ማንም አልሰፈረው።

ባቄላ ስትደርስ መስፈሩን ተውኩ።

ይህን ሁሉ ለሐኪሙ፣ ለበኩር ልጄ እኩያ፣
ደረቴን ከፍቼ ተቀምጬ እንዴት ልዘርግፍ?
«ሥራ በዛብኝ» አልኩት። ጻፈው።

አሁን ለናሙና ተራ እጠብቃለሁ፣ ፈለገ ሕይወት፣ ኮሪደሩ ላይ፤
አንዲት ልጅ አጠገቤ፣ ነጠላዋን ግራ ጎኗ ላይ
ጨምድዳ ይዛለች። ያን አያያዝ አውቀዋለሁ።
«ምን ያህላል?» አልኳት ቀስ ብዬ።
የትንሿን ጣቷን ጥፍር ጫፍ አሳየችኝ።

«ትርንጎ!» አለች ነርሷ ከበሩ።
ደነገጥኩ፤ ስሜ መሆኑን ረሳሁት፤
መጠኑን ለሰው ሁሉ ያወጀችው መሰለኝ።
ተነሣሁ፤ የልጅቷን ክንድ ይዤ ወደ በሩ ገፋኋት።
«እሷ ትግባ፤ ምስር ናት» አልኩ።
ነርሷ አልገባትም።