አራት ጣት

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከተዘጋው ጎማ ቤት ጀርባ፣
የኤስፓኞላ ነፋስ አሸዋ ተሸክሞ ሲገባ፣
ሦስት ታጣፊ ወንበር እንዘረጋለን፤
አራተኛውን እንደታጠፈ ግድግዳ እናስደግፈዋለን።
የፊደንሲዮ ነበር፤ በጥቅምት ቀበርነው፤
ተቀመጥበት ያለ የለም፣ ወደ ቤት ይግባም ያለ ሰው።

በምን መጣችሁ ብላችሁ አትጠይቁን።
ቶሪቢዮን ልጁ ታደርሰዋለች፣ ድምፅ በሌላት ኤሌክትሪኳ፤
"ጎማ ያበቀለች ፍሪጅ!" ይላል ሲወርድ፣ ጣራዋን እያንኳኳ።
ካሲሚሮ በእግሩ ነው፤ መንጃ ፈቃዱን ዓይኑ ነጠቀው፤
እኔ በአውቶቡስ፤ የሾፌሩ ፍሬን አያያዝ ጥርሴን እያፋጨው።

ከዚያ ወሬያችን ይነሳል፤ በብርድ እንዳደረ ሞተር፣
አንዴ ስሎ፣ አንዴ ታፍኖ፣ ኋላ ማን ይይዘዋል ሲበር!

"የኔዋ የአርባ ስምንት ሼቭሮሌ፣" ይላል ካሲሚሮ፣ "አረንጓዴ፣
አስራ አራት እጅ ቀለም የጠጣች፤
በብርጭቆ ወረቀት ያሸኋት መቶ ጊዜ እንጂ መች አንዴ!"
"ሰማያዊ ነበረች፣" ይላል ቶሪቢዮ ዓይኑን ጨፍኖ።
"አረንጓዴ!" "ሰማያዊ!"
አንዱ ከዘራውን፣ ሌላው ሰው ሠራሽ ጥርሱን ተማምኖ።
ድንገት ካሲሚሮ ዝም አለ። አሰበ። ጣቱን ቀሰረ፦
"ያቺ መኪና በፀሐይ አረንጓዴ፣ በመብራት ሰማያዊ ነበረች፤
አንተ እኛ ደጅ በመብራት ምን ትሠራ ነበረ?"

ኤውፌሚያ፣ እህቱ። ስልሳ ዓመት ሆናት፣ ፑዌብሎ አግብታ ሄዳ።
የቶሪቢዮ ጆሮ እንደ ፍሬን መብራት ቀላ፤
ከቀለም ሥር የወጣ ዕዳ።

ስለ ፊደንሲዮ ግን ማንም አይከራከርም።
ሆስፒታል ሳለ፣ ነርሷ "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" ስትለው፣
"አንድ፣ ስምንት፣ አራት፣ ሦስት፣
ስድስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ሁለት" አላት፣ እንደ ዳዊት እየወረደው።
"ይቃዣል" ብላ መዘገበች።
እኛ ከአልጋው ግርጌ ቆመን በጣታችን ቆጠርን፦
የኢምፓላዋ ካንዴላዎች እሳት የሚቀበሉበት ተራ፤
አንዷን አልዘለለም፣
ሞት ደጁ ቆሞ ሞተሩን ሲያሞቅ፣ ሲያጓራ።

የኔ ወሬ መጨረሻ ነው።
ሃምሳ አንድ ሜርኩሪ። በሃያ ሁለት ዓመቴ፣
ጣራዋን በመጋዝ ሳነሳው፣ አማተበች እናቴ።
ከምሰሶዎቿ አራት አራት ጣት ቆርጬ መልሼ በየድኩ፣
ሞላዋን አሳጥሬ ሆዷን ከአስፋልት አዋደድኩ፤
መስኮቷ ጠበበ፣ የነቃ ድመት ዓይን መሰለ፤
የራሴን ቁመት ብቻ ረሳሁ፤ ከልኬቱ ውስጥ እሱ የለ!
ሦስት ዓመት አንገቴን ሰብሬ ነዳሁ፤ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሳልፍ፣
አባ ኩዊንታና "ይኼ ልጅ እንዴት ትሑት ነው!" ይላሉ፤
ጥፋቴ ሆነልኝ ትርፍ።

ልጄ ስትወለድ ሸጥኳት። አራት መቶ ዶላር፣ ኮፈኗ ላይ ተቆጥሮ።
ዞሬ አላየኋትም፤
ጆሮዬ ግን ተከትሏት ሄደ፣ አልተመለሰም እስከ ዘንድሮ።

ዘንድሮ፣ አደባባዩ ላይ መኪኖች ለትርኢት ሲሰለፉ፣
ወይን ጠጅ ቀለም ለብሳ አየኋት፤ ሰዎች ፎቶ ሊያነሷት ሲጋፉ።
"የኔ ነበረች" አልኩት ጎረምሳውን። ሳቀ፤ ስንቱ ሽማግሌ እንዲህ ብሎታል!
"ከዳሽቦርዱ ሥር እጅህን ስደድ፤ ባቄላ የሚያህል ብየዳ ይነካሃል፤
አውራ ጣቴን ያቃጠለኝ ነው።"
ሰደደ። ዝም አለ። በሩን ከፈተልኝ።
ገባሁ። እንደ ልማዴ አንገቴን ሰበርኩ። የምሸሸው ጣራ ጠፋብኝ።
ቀና አልኩ። አሁንም አልነካኝም።
በአናቴና በጣራው መሃል መዳፌን አግድም አስገባሁ፦
አራት ጣት።
ከሷ የቆረጥኩት ከኔ ላይ ተቆርጧል፣ ከነወለዱ።

"ትዋሻለህ!" አለ ካሲሚሮ።
"በማን ጣት?" አለ ቶሪቢዮ፣ የፋን ቺንጋ ሁለቱን የበላበትን እጁን ሰቅሎ።
ሳቅን። ሳል መጣብን። ደግመን ሳቅን።
ወንበሮቹን ልናጥፍ ስንነሳ፣
የልጁ መኪና ከኋላችን ቆማለች፤
ስትመጣ አልሰማናትም።