አንድ ብሎኬት

ደሴ፣ ብሎክ አሥራ አንድ፤
ጉም ከጦሳ ሲወርድ ከሰው ቀድሞ የሚገባበት፣
እኛም ስንወጣ ትንፋሽ የምንሰበስብበት፣
ተከራይ የሌለው፣ ካርታ ያልወጣለት፣
የማንም ስላልሆነ የሁላችን የሆነ
አንድ ሜትር ከሃያ መስኮት ነበረን።

ይማም ዘጋው።
በአንድ ቅዳሜ፣ በአርባ ብሎኬት፣
ማዕድ ቤቱን ገፍቶ፣ ገፍቶ፣ እስከ ደረጃው አንገት።
እሑድ ስንወርድ ጨለማ ነው፤
እግር የለመደውን ዓይን አጣው።
ትርንጎ ከነጀሪካኗ ተደናቀፈች፣
"ወይ ጉድ! ጦሳን ማን ሰረቀው?" አለች።

ኮሚቴ ተጠራ። ያስጠራሁት እኔ ነኝ፤
ደብዳቤውን ጻፍሁ፣ ፊርማ ለቀምሁ፣
"የጋራ" የሚለውን ቃል ሰባት ጊዜ አሰመርሁ።
ተሰበሰብን ከማረጃዋ ቤት፣
ለዒድም ለፋሲካም ቢላ ከምንስልባት።
ወንድይፍራው መነጽሩን ጠርጎ፣ መዝገብ ገልጦ፣
"ግድግዳ ከውስጥ የግል ነው፤ ከውጭ የሁሉ" አለ።
ይማም ተነሣ። ጥፍሩ ውስጥ ሲሚንቶ አለ።
"ለእናቴ ነው። ከወረባቦ አምጥቻት፣
ባንድ ክፍል ስድስት ነፍስ፣ የት ላስተኛት?
እናንተ ብርሃን አጣችሁ፤ እኔ አልጋ አጣሁላት።"

ዝም አልን።
"ይለካ!" አልሁ እኔ።

ብርቄ ሜትሩን ይዛ ከይማም ግንብ ጀመረች፤
"ዘጠና ሳንቲ ሜትር" ብላ አስመዘገበች።
ከዚያ ሜትሩ፣ ምን እንደ ነካው፣ ሽቅብ መውጣት ወደደ፤
የትርንጎን በረንዳ ለካ፣ በቆርቆሮ የተጋረደ፤
የወንድይፍራውን የብረት በር፣ ኮሪደር የቆረጠ፤
አራተኛ ፎቅ ደረሰ፤ ከጣራው በር፣ ከቁልፉ ፊት ተቀመጠ።
የማን ነው?
የኔ።
ሮቶዬ እላይ ነው። ውሃ በሳምንት አንዴ ስትመጣ
ሌባ እንዳይቀዳብኝ ብዬ ሰማዩን ቆለፍሁት።
ሦስት ዓመቱ። ከኔ በቀር በብሎኩ
ልብስ ፀሐይ ላይ ያሰጣ የለም።

በወልይ! እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።
ይማም ግን አልሳቀም።

"ሁሉም ያፍርስ" ተብሎ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታ፣ ተለጠፈ።
ማንም አላፈረሰ።
ክረምት ገባ፤ ወረቀቱ በጉም ረጠበ፣
ከ"ያፍርስ" ላይ "ፍ" ታጠበ፤
ሁሉም ያርስ፣ ይላል እስካሁን፤
ምን እናርሳለን፣ ፎቅ ላይ ሆነን?

ነሐሴ ሲያልቅ፣ አንድ ጠዋት፣
ከይማም ግንብ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ፣
አንድ ብሎኬት ጎደለ። አንድ ብቻ።
ማን እንደ ነቀለው የተናገረ የለም።
ጎንበስ አልሁ፣ ጦሳን ፍለጋ።

ያየሁት እማ ዙበይዳን ነው፤
አልጋ ጫፍ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች፤
ከትከሻዋ በላይ መስኮታችን፣
ከመስኮታችን በላይ ተራራው፣ ገሚሱ በጉም የተበላ።
"ማነህ?" አለች።
"ጎረቤት ነኝ።"
"የቱ ጎረቤት?"
ከሳሹ፣ ልል ነበር።
"ከላይ ያለሁት" አልሁ።
"እንዴት አደርህ ልጄ? ደረጃው አይከብድህም?
አብሽር፣ እዚችው እረፍ፤ ሁሉም እዚህ ነው የሚያርፍ።"

ክርክሩ አላለቀም። ዘጠናው እንደ ተወሰደ ነው።
አንድ ቀን ግን ቁልፌን፣ የጣራውን፣
ከቀዳዳዋ ጠርዝ ላይ ትቼው ወረድሁ።
ማታ ስመለስ የለም።
ጣራው ላይ የማላውቀው አንሶላ ይርገበገባል፤
ሮቶዬ በግማሽ ጎድሏል።

ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥሁ።
"የጋራ" ብዬ ጀመርሁ፣
እዚያው ላይ ቆምሁ።