የግራ እጅ ካራ

ሸዋ በር ነው ሱቁ፤ ጣራው የዘመመ፣
የጦሳ ጭጋግም ደጃፉ ላይ ቆመ።
በአሮጌ ጋዜጣ ካራውን ጠቅልዬ፣
«ዕድሜውን ይንገሩኝ» አልኩ ጎንበስ ብዬ።

የሰማሁት ይኸን ነው፦
አክስቴ ወርቂቱ ከእናቷ ሰምታ፣
እናቷ ለቅሶ ቤት፣ ከሰው አፍ ለቅማ፣ አንድ ቀን ማታ፣
ሁለት መቶ ዓመቱ ነው፤ የወረሂመኖ ባላባት
ለአያቴ አባት
ለጀግንነቱ የሸለመው፣ በወርቅ አፎት።
(አፎቱ የለም። ወርቁንም እንጃ።
እጃችን የቀረው ካራው ነው፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው እንጂ።)

ጋሽ እብሬ መልስ አልሰጡም። መነጽራቸውን በክር አሰሩ፣
ካራውን በጥፍር መተው፣ ጆሮ አስጠግተው፣ ድምፁን መረመሩ፤
ከዚያ ወደ ፀሐይ፣ ፀሐይ ስላልነበረች፣ ወደ አምፑሉ አዞሩ።

«ይኸ ባሌስትራ ነው።»
«ምን?»
«የመኪና ባሌስትራ፤ የትሬንታ ኳትሮ።
ይኸው፣ ለቡሎን የተበሳው፣ ተቀጥቅጦ ተደፍኖ፣ ጠባሳው ብቻ ቀርቶ።
ጣልያን ጥሎት የሄደ፣ ቦርከና ዳር የተገለበጠ፣
ስንቱ ከባድ መኪና ካራ ሆኖ ተሸጠ!
ባላባትሽ መኪና ነበረው እንዴ?»
ሳቅኩኝ። ሳቄ ግን ወረደ ወደ ሆዴ።

«ምስማሮቹ ቀለህ ናቸው፣ የጥይት፤
አንዱ ወልቆ ሽቦ ገብቶለት።
ቀንዱ የበሬ ነው፤ ጎሽ ነው ያለሽ ዋሽቶሻል፤
አውራሪስ ያለሽም ካለ፣ እሱስ ብሶበታል።»

ከዚያ ዝም አሉ።
ሆዱ ላይ የጎደጎደውን ደጋግመው ዳበሱት።
«በዚህ ሰው አልተወጋም፤ በግም አልታረደበት።
ጫፉ እንዳለ ነው። የተበላው ሆዱ ነው። ቆዳ ነው የተፋቀበት።
አሽቺው።»
አሸተትኩት። ከዝገቱ ስር፣ ከቀንዱ ስንጥቅ ውስጥ
የግራር ልጥ።

ፋቂ።
እኛ ቤት ይህ ቃል ለስድብ ነበር የሚቀመጥ፤
አክስቴ ለጋብቻ ዘር ስትቆጥር፣ ስሙ ሲነሳ የምትገላመጥ።
አያቴ አሊጋዝ፣ ባለ ሽልማቱ!

«አይክፋሽ፤ እኔም ቀጥቃጭ እየተባልኩ ነው ያረጀሁ።
ልጄን ሊለምኑ የመጡ ሽማግሎች፣ ሙያዬን ሲሰሙ፣
ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሲወጡ አየሁ።

ደግሞ ይኸን እዪ።
ስለቱ በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ያውም በተገላቢጦሹ።
ሠሪው ተሳስቶ አይደለም፤ ታዝዞ ነው፣ በእጁ ልክ ነው ድርሻው።
ግራኝ ነበር፣ ባለቤቱ።»

እኔ ነኝ ግራኝ።
በግራ ስጎርስ አክስቴ በማማሰያ የመታችኝ፣
መምህሬ እጄን በገመድ ከዴስኩ ያሰረችኝ፣
«ይኼ ከማን መጣ? በዘራችን የለም!» የተባልኩኝ።

እጀታውን ወደኔ አዞሩ። ያዝኩት።
ቀንዱ ላይ የሰረጎደች ቦታ አለች፣ የአውራ ጣት፤
ሰማንያ ዓመት ባዶዋን ቆይታ፣ የኔው ገባባት።

«ዝገቱን ይጥረጉልኝ» አልኩ። «እንዳትነኪው» አሉ፤
«ከጠረግሽው አዲስ ካራ ነው። ዕድሜው እዚህ ነው በሙሉ።»
ሃምሳ ብር ሰጠሁ፤ ሃያውን መለሱ።

ማታ አክስቴ ከደጅ ሳልገባ ጠየቀች፤
«እህሳ! ስንት ዓመቱ አሉ?» ዓይኗ አፌ ላይ ቀረች።
«ከምንለው ያንሳል» አልኩ።
«በምን ያህል?»

መልስ አልሰጠሁም። ለእራት የተቀመጠ ድንች ነበር፤ አነሳሁት፤
በግራ እጄ፣ በዚያው ካራ፣ ሁሉም እያዩኝ ላጥኩት።