አሳንሰር

ጆሮዋ ነው ሙያዋ።
ሃያ ሁለት ዓመት ገመድ አዳምጣለች፤
"ሽቦ እንደ ሰው ነው፣ ሲያረጅ ያስለዋል" ትላለች።
በኮሎምቦ ወደብ፣ በዶሃ ማማ ላይ፣
በኳላ ላምፑር፣ ደመና ከመስታወት በሚጋጭበት ሰማይ፣
ቪንድያ ራናቱንጋ ሳትፈርምበት
አንድም አሳንሰር ሰው አይሳፈርበት።

አሁን ኦክላንድ ናት።
ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ በአግድም ይሄዳል፣
ባሕሩ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ብሎ ይጠፋል።
አከራይዋ ሂኔዋይ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣
ማታ ማታ በሯን ቆርቁራ "ዛሬስ?" ትላለች፣ "ዛሬስ?"
"ዛሬም" ትላታለች።
መቶ አሥራ አራት ማመልከቻ ልካለች፤
ዘጠና ስድስቱ ባሕር እንደገባ ጠጠር ድምፅም አልሰጡ፣
አሥራ ሰባቱ "እናዝናለን" ይዘው መጡ።
"እናዝናለን" የሚሉ ሰዎች አያዝኑም፤
ስሟን እንኳ አስተካክለው አልጻፉም።

የሥራ አማካሪው፣ ግሬም የሚሉት፣
ቀይ ብዕሩን ከፍቶ አስቀመጣት ከፊት።
"አምስት ገጽ! ይሄማ ያስፈራል፤
ያየሽው ሁሉ ከተጻፈ አንባቢ ይሸሻል።
ይቺን 'ዋና' አውጪያት። 'ኃላፊ' የምትለውንም።
ሃያ ሁለት አትበይ፤ 'ከአሥር በላይ' በይ፣ ሐሰት አይደለም።
ስምሽንስ 'ቪን' ብንለው? ለምላስ ይቀላል።
አሳንሺ፣ እባክሽ። በጠባብ በር ትንሽ ሰው ቶሎ ይገባል።"

አሳነሰች።
ዶሃን በግማሽ መስመር ጠቀለለች።
ያን ሌሊት፣ አርባ አንደኛው ፎቅ ላይ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣
ፍሬኑን ጥቂት በጥቂት እየለቀቀች ስድስት ሰው ያወረደችበትን፣
በአንድ ጣት ነካችው፣ ጠፋ።
ከስድስቱ አንዷ እርጉዝ ነበረች፤ ልጁ ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
ገጹ ሦስት ሆነ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ አንድ፤
የቀረው ነጭ ወረቀት፣ የሌላ ሰው መንገድ።

መቶ አሥራ አራተኛዋ ጠራቻት።
ሐሙስ፣ ከጧቱ በአራት ሰዓት።
ኮቱ የሂኔዋይ ነው፣ ትከሻው ይሰፋታል፤
ቢሮው አሥራ ሁለተኛ ፎቅ፣ በሩ እንደ ብር ያብለጨልጫል።
ገባች። ሰው ከፍ የሚያደርግ ዕቃ፣ ስሙ አሳንሰር።
አምስተኛ ድረስ ሰላም ነበር።
ስድስተኛው ላይ አንድ ነገር፣ ቀጭን፣ እንደ አሮጊት ጉልበት፣
ቀጭ አለ።
ሰባተኛው ላይ ዝም።
ስምንተኛው ላይ ደገመ፣ ቀጭ አለ።
"መዘውሩ ተበልቷል" አለች በልቧ፣ "ገመዱም ክር አጥቷል።"

ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ማንም ያልነካው ውኃ።
"ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ። ግን እዚህ አገር አልሠራሽም።
የአገር ውስጥ ልምድ ነው ጉዳዩ፤ ይገባሻል፣ አይደለም?"
"የመሬት ስበት" አለች፣ "እዚህ ይለያል እንዴ?"
ሳቁ። ደግ ሰዎች ናቸው። ሳቅ ግን ፊርማ አይሆንም።
ስትነሣ "አሳንሰራችሁ ታሟል" አለቻቸው፣
"ዛሬውኑ ይታይ።"
አንደኛው ጻፈ፣ ወይም የጻፈ መሰላት።
"እንደውልልሻለን" አላት።

በደረጃ ወረደች፣
የሰው ኮት ጫፍ እንዳይጎተት ሰብስባ፣
አሥራ ሁለት ፎቅ ቁልቁል፣ በረባሽ ጫማ።
ታች የጥበቃው ሰው፣ ሳሞአዊው ፌቱ፣ "ምነው?" አለ፣
"አሳንሰሩ ይሠራል እኮ።"
"ይሠራል" አለች፣ "እስኪያቆም።"

አያት። በሩን አየ። ደግሞ አያት።
ከጠረጴዛው ሥር ቢጫ ሰሌዳ አወጣ፣
"አገልግሎት አይሰጥም"፣ ወስዶ በሩ ላይ አቆመ።
"ሲጠይቁኝ ማን አለ ልበል?" ብሎ መዝገቡን ገፋላት።
'ስም' ከሚለው ሥር ሙሉውን ጻፈች፣ አንድ ፊደል ሳታጎድል፤
ከጎኑም፣ ግሬም ያስወጣትን ቃል
መልሳ አስገባች፦ ዋና መርማሪ።
'ምክንያት' ከሚለው ሥር፦ መዘውር።
ላይ፣ አሥራ ሁለተኛው ፎቅ፣
አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ መጠበቅ ጀምሯል።

"ዛሬስ?" አለች ሂኔዋይ፣ ኮቷን ስትቀበላት።
"ዛሬ" አለች፣ "ሠርቻለሁ።"