ጉልበት

ልጄን ይዤ መጣሁ ቡሬ ከሜዳው ዳር፤
ታኬታው የውሰት፤ ቢሰፋው፣ ጫፉን ሣር
ጠቅጥቆበታል።

አሰልጣኙ መጣ፣ ፊሽካው ደረቱ ላይ፣
ቀኝ እግሩ ሲጎተት ከሩቁ የሚታይ።
ምንይችል ነው ስሙ። ምን እንደቻለማ
እኔን ነው መጠየቅ ከዚህ ሁሉ ከተማ።

ቀኝ ክንፍ ነበረ። መስመር ይዞ ሲበር
ኖራው እንኳ ጫማው ላይ አይቀርም ነበር።
እኔ ለዳንግላ፣ ሦስት ቁጥር ለብሼ፤
ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ጭቃ ተለውሼ፣
ሦስቴ ጥሎኝ አለፈ። ሕዝቡ ሳቀብኝ፤
አራተኛው ላይ ግን ኳሷ ጠፋችብኝ።

ጠፋችብኝ ብያለሁ፣ ለአምበሉም ለቄሱም፤
እውነቷን የምናውቅ እኔ ነኝ፣ እሱም።
ዳኛው አልፎ ሮጠ፤ ፊሽካው አልተነፋም።
ያ ድምፅ ግን ዛሬም፣ እንጨት በፈለጥኩ ቁጥር፣
ከምሳሩ ቀድሞ ይሰማኛል።

ጥሪ ደርሶት ነበር ከአዲስ አበባ፤
ደብዳቤው ኪሱ ነው ሆስፒታል ሲገባ።

ከዚያ ወዲህ ኖረ፤
ቀን ቀን ሚስማር መዝኖ ለሸማች እየሸጠ፣
ማታ የሰፈሩን ልጅ ሜዳ እያሯሯጠ፣
ያለ ደመወዝ፣ በአንዲት ኳስ፤
እሷንም ጎሚስታው በነጻ ይነፋለታል።
ሁለት ልጆቹ አሁን በሬዲዮ ይጠራሉ፤
ያን ሰዓት ሚስማሩ ሚዛን ላይ እንዳለ ይረሳል አሉ።

«ስምህ?»
«ፈንታሁን።»
«የማን ልጅ?»
«የጓንጉል፤ ከዳንግላ።»
የፊሽካው ገመድ ላይ ጣቱ ቆም አለች።
ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መሬት አየሁ፤
ሣሩን፣ ኖራውን፣
ያንን ጉልበት።

«ቦታህስ የት ነው?»
«ተከላካይ፣ እንዳባቴ።»

ዝም አለ። ከአጥሩ ማዶ የጭነት መኪና ጮኾ አለፈ።
«እንግዲህ» አለ ለልጄ፣ «ኳስ ስትነጥቅ
መጀመሪያ ጉልበትህ ነው የሚል ዝቅ።»
ሊያሳየው ዝቅ አለ፤ እግሩ እንቢ አለው።
ዞረ።
«ጓንጉል፣ ና እስቲ፣ አንተ አሳየው።
የኔ አይታጠፍም።»

ጃኬቴን አወለቅሁ።
ጭቃው ላይ፣ ልጄ ፊት፣ እሱም ፊት፣ ተንበረከክሁ፤
ቀዝቃዛው በሱሪዬ ዘልቆ ገባ።

«ዓይን ከኳሷ ላይ እንዳይነቀል» አለ፤
ለልጄ ነው መሰለኝ።

ከዚያ ፊሽካውን ነፋ።