በስተኋላ

ፓተርሰን፣ ዋናው መንገድ፣ የልብስ ማሳጠሪያው ቤት።
ጥር ነው፤ በረዶው መስታወቱን ይልሳል።
እኔ ሱሪ እተኩሳለሁ፤ ሙዘየን ሀኑም ጠርዝ ትዘመዝማለች፣
መርፌ በጥርሷ ነክሳ ቱርክኛ ታስተምረኛለች።

«ኤቭ፣ ቤት። በል።
ኤቬ፣ ወደ ቤት። ኤቭዴ፣ ቤት ውስጥ።
ኤቭዴን፣ ከቤት።»
ቋጠሮው ሁልጊዜ ከጫፉ ነው፣ እንደ ክር።

እኛ ዘንድ ከ እና በ፣ ለ እና የ
እንደ ግቢ ዘበኛ ከፊት ይቆማሉ፤
ስሙን ሳያስገቡ ይመረምራሉ፦
ከየት? ለማን? የማን?
አንዲት «ን» ብቻ ከኋላ ታዘግማለች።
«ወንድሜን ጠራሁ» አልኳት፣ ላስረዳት።
«እሷስ የኛ ዘመድ ናት» ብላ ሳቀች።

ድምፁ ደግሞ ዘር ይቆጥራል፤
ቀጭኑ ከቀጭን፣ ወፍራሙ ከወፍራም ይጋባል።
በስሜ ልሞክር ብዬ «ገዙዴን» ስል
በእንጨት ሜትሯ ጣቴን ቸብ፦
«ገዙዳን! ለራስህ እንኳ በልክህ ስፋ እንጂ!»

ግሱ እንደ እኛው ነው፤ አርፍዶ ይደርሳል፣
እሱ እስኪቀመጥ ዓረፍተ ነገሩ ቆሞ ይጠብቃል።
ጌልዲም፣ መጣሁ። ጌልዲን፣ መጣህ። ጌልዲ፣ መጣ።
ይሄማ ቀላል ነው፤
ሰውን በግስ ጅራት ማሰር ያባቴ ሙያ ነው።

ሐሙስ ስልክ ተደወለ።
ንግግሩ ፈጠነብኝ፤ አንድ ስም ብቻ ያዝሁ፦
ታህሲን። ወንድሟ።
እግሯ ከመኪናው መርገጫ ላይ ሳይነሳ ደረቀ።
ካለችኝ ጥቂት ቃል መርጬ፣ ላጽናናት ብዬ፣
«ታህሲን... ኦልዱ?» አልኩ። ሞተ?

ራሷን ነቀነቀች።
በዚያች ሰዓት እንኳ ልታርመኝ ነው።
«ዲ እና ዱ ያየ ሰው ነው የሚለው።
እኔ እዚህ ነበርኩ፣ የሰው ሱሪ ሳሳጥር።
ኦልሙሽ።»

ሙሽ። ነገሩኝ እንጂ አላየሁም።
እኛ «ሞተ አሉ» የምንለው፤
«አሉ» ግን ከሞቱ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላል፣
ለቅሶ ቤት ደጃፍ እንደሚያመነታ እንግዳ።
እሷ ከቃሉ ጋር ሰፍታዋለች። አይተረተርም።

በማግስቱ በረረች።
ሦስት ሳምንት እኔና እንፋሎቱ ብቻችንን፤
ደንበኛ ሲጠይቅ «ሄዳለች» እያልኩ፣
በልቤ መጨረሻውን እየፈለግሁ፦
ጊትቲ? ጊትሚሽ?

ሰኞ ገባች። ካፖርቷን ሰቀለች፣
የጣት ቆቧን ጠልቃ ብርሃን ላይ አየችው።
ጥፍሯ ሥር አፈር ነበረ።
«ኦልዱ» አለች።

ከዚያ መርፌዋን በጥርሷ ነክሳ፦
«የት ላይ ነበርን?
ኤቭዴን።
በል።»