አቤት ባይዋ

«ሰው አትጥልም» ብለው ቢጫዋን ሸጡልኝ፤
አልዋሹም፤ ሦስት ዓመት እንደ አልጋ ተመቸችኝ።
ግን ግራ በይ ስላት ቆም ብላ ታስባለች፣
ቀኝ በይ ስላት ደግሞ ግራው ትዝ ብሏት ወደ ግራ ትዞራለች፤
መቅዘፊያ ብነቀንቅ፣ ወገቤ ቢለፋ፣
መልሷ የሚደርሰኝ ጉዳዩ ሲጠፋ።

እኔ ሹፌር ነኝ፤ ከኮምቦልቻ ጋላፊ፣
የአሸዋና የሙቀት፣ የሌሊት መንገድ አላፊ፤
ባቲ ቁልቁለት ላይ ሩብ ዙር የላላ መሪ
ከቂመኛ ጎረቤት ይልቅ ነው አስፈሪ።
ታዲያ የመኪናውን ብሎን በየወሩ ሳስጠብቅ፣
ውኃ ላይ ሲሆን ለምን መልስ ተቀምጬ ልጠብቅ?

ኑርሁሴን ግቢ ሄድሁ፣ ከቦርከና ማዶ፤
ዓይኑ ብቻ ቀርቶ አቧራ ለብሷል፣ ፋይበር ሲፍቅ ማልዶ።
የባጃጅ ጣሪያ ይጠግናል፣ የታንከር ስንጥቅ ይዘጋል፣
እንዴት እንደ ደረሱት እንጃ፣ ሁለት የባሕር ጀልባ ይዟል።

ነጯ ረጅም ናት፣ ከሆዷ ሥር ቀጥ ያለ መስመር አላት፤
አንዴ ከጀመረች አትስትም፣ የሌሊት አውቶቡስ ናት፤
መንገዱ ሲታጠፍ ግን ሽማግሌ ይላክባታል።
አረንጓዴዋ አጠር ትላለች፣
ጫፍና ጫፏ እንደ ሙዝ ቀና ያለ፣
ዝም ብላ መሬት ላይ ተኝታ እንኳ የምትሄድ የምትመስል።

«ይቺ» አለኝ ኑርሁሴን፣ ጎኗን በጣቱ ነክቶ፣
«ጠሪዋ አፉን ሳይዘጋ አቤት ትላለች። ግን እወቅ፣
አቤት ባይ ስህተትህንም ይሰማል አጥርቶ።»

ሰዓዳ ማታ ቤት ስገባ፦ «አንድ ሰው ስንት ጀልባ ይበቃዋል?»
አልመለስሁም። አንድ ሰው ስንት መልስ ያውቃል?

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሁለቱንም አይሱዙው ላይ አስረን
ሐረጎን ወጣነው፣ ጭጋጉን ሰንጥቀን፤
ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ሊስትሮ ቀና ብሎ፦
«የአውሮፕላን ክንፍ ነው?» «የት ወደቀ?» አለ ሌላው ተከትሎ።

ሐይቅ ደረስን። በነጯ ወጣሁ፣ ተመለስሁ፤
እንደ ሩቅ ዘመድ በደንብ በሥርዓት ተሰነባበትን።
አረንጓዴዋ ላይ ስቀመጥ ተንቀጠቀጠች፣
እንዳልተገራች በቅሎ ጆሮዋን አቆመች፤
ሠላሳ ክንድ ሳልሄድ፣ ወደ ዳር ዞሬ
ለኑርሁሴን እጄን ሳወዛውዝ፣
ገለበጠችኝ።
ውኃው አጥንት ይቆረጥማል። አሣ አጥማጆቹ ሥራ ፈቱ።
«አብሽር!» አለኝ ከዳር፣
«የሰማችው እጅህን አይደለም፣ ወገብህን ነው።»

ሁለተኛ ስቀመጥ ዝም አልሁ።
ጉልበቴን ከክዳኗ ሥር ገጠምሁ፣
በግራ ዳሌዬ ትንሽ ከበድ አልሁ፤
ወደ ቀኝ ዞረች፣
መቅዘፊያዬ ገና አየር ላይ ነበረች።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ሄደ፤
ገመድ አላት፤ ሳብሁት፣ ከሥሯ እንደ መዳፍ ያለች ክንፍ ወረደች፣ ረጋች።
በሌላ ሳምንት ማዶ ለማደር ስወጣ
ከኋላ ጓዳዋ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ዐሥር ሊትር ውኃ፣
ከፊት ዳቦና የእጅ ባትሪ ከተትሁ።
እኔ የማውቀው ጭነት መሪ ሲያከብድ ነው፤
እርሷ ግን ጨዋ ሆነች እንጂ አልደነቆረችም።

ቢጫዋን ለኑርሁሴን ልጅ ለመኪያ ሰጠሁ፤
ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ገና ለማጅ ናት፣
ሰው የማትጥለዋ ትሻላታለች አልሁ።
በሰባተኛው ቅዳሜ፣ ሂጃቧ እንደ ረጠበ፣
መቅዘፊያዋን ትከሻዋ ላይ አጋድማ አጠገቤ ቆመች፤
ዓይኗ እኔን አልፎ አረንጓዴዋ ላይ ነው።
«ጋሼ» አለችኝ፣
«ይቺ ጀልባ አትሰማም።»